ቀፎው ሳይከፈት

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ተማሪዎች፣ የእኅቴን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ሙያዬ አናጢነት ስለሆነ በሰው ፊት ማንበብ አልለመድኩም፤ ስለዚህ መሐል ላይ ድምፄ ቢሻክር ልቅሶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ንዴትም አለበት። ትናንት ከሰዓት በኋላ እትዬ ያገለገሉበት ትምህርት ቤት የላካቸው ሦስት ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው፣ አጽናንተውን፣ ወንበር ስበው ከተቀመጡ በኋላ፣ በዚህ ንባብ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትገባላቸው በትሕትና ጠየቁኝ። ዓረፍተ ነገሯ «በጤና መታወክ ምክንያት በራሳቸው ጥያቄ ከማስተማር ሥራ ወደ መጻሕፍት መጋዘን ተዛውረው» የምትል ናት። ለሟቿም ክብር ነው ብለውኛል። እኔም ቡናማ ኮት የለበሰውን አንዱን እንግዳ እያየሁ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወስደውት ሄዱ። ቦታዋ ላይ ስንደርስ ዓረፍተ ነገሯን አነሣታለሁ፤ እስከዚያው ታገሡኝ።

እትዬ ከዛሬ ስልሳ ሰባት ዓመት በፊት፣ አነስተኛ ሱቅ ከነበራቸው አባታችንና የሆስፒታል ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታችን፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን ሱቃቸው ጠባብ፣ ዕቃቸው ጥቂት፣ ጨዋታቸው ግን የማያልቅ ሰው ነበሩ፤ ባንኮኒው ላይ የምትቀመጠው ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ለሽያጭ ከዋለችበት ለእንቆቅልሽ የዋለችበት ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን አንደኛው ሳሕን ላይ ድፍን የልብስ ሳሙና፣ ሌላኛው ላይ የዚያው ሳሙና ግማሽና የግማሽ ኪሎ ብረት አስቀምጠው፣ ሚዛኗ ቀጥ ማለቷን ካሳዩን በኋላ፣ ድፍኑ ሳሙና ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ጠየቁን። እኔ ግማሽ ኪሎ ነው ብዬ ጮኽኩ፤ እናታችን በሸቀጥ አትጫወቱ አሉ፤ እትዬ ግን የዳቦ ቢላዋ አምጥተው፣ ድፍኑን ሳሙና ወገቡ ላይ ቆርጠው ግማሹን አነሡና፣ ከወዲያኛውም ሳሕን ግማሹን ሳሙና አነሡት። ሚዛኗ ጥቂት ተወዛውዛ ቀጥ አለች። የቀረው ግማሽ ሳሙና ከግማሽ ኪሎው ብረት ጋር እኩል ነበረ፤ ድፍኑ እንግዲህ አንድ ኪሎ ነው ማለት ነው። አባታችን በልጃቸው ይኩሩ ወይ ለሳሙናቸው ያልቅሱ ግራ ገባቸው፤ እናታችን የተቆራረጠውን ሳሙና ሁሉ ለቤት አደረጉት፣ እኛም ከወትሮው ይበልጥ ታጥበን ከረምን።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሰፈራችን አጠገብ ወደነበረው ትምህርት ቤት ገቡ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ የሚያስቆማቸው አልነበረም፤ ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ግን አልጀብራን ከዱላ ጋር የሚያስተምሩ አንድ መምህር ገጠሟቸው። እኒህ መምህር፣ አንድ ቁጥር የእኩል ምልክቱን ተሻግሮ ወደ ማዶ ሲሄድ ደማሪው ቀናሽ፣ ቀናሹ ደማሪ ይሆናል ብለው ሲያስተምሩ፣ እትዬ እጃቸውን አውጥተው፣ ቁጥሩ መንገድ ላይ ምን አግኝቶት ነው የሚለወጠው ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ፣ ደወል እስኪደወል ድረስ ሰሌዳው ሥር መንበርከክ ነበር። ቤት ገብተው ለአባታችን ሲነግሯቸው፣ አባታችን ሚዛኗን አቀረቡላቸው። ለካ የሚሻገር ነገር የለም፤ ከዚህኛው ሳሕን ያነሣኸውን ያህል ከዚያኛውም ታነሣለህ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። እትዬ በኋላ ራሳቸው መምህር ሲሆኑ በክፍላቸው ውስጥ «ተሻገረ» የሚባለውን ቃል እንደ ስድብ ቆጥረው ከለከሉ። ተማሪ ረስቶ ከተናገረው ይቆጡ ነበር፤ የተንበረከከ ጉልበት አይረሳም።

የመምህራን ማሠልጠኛን በማዕርግ አጠናቀው በዚያው ባደጉበት ሠፈር ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምሩ፣ ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ልጅ በአንድ ወንበር፣ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ሰው ነበረ። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ «ኤክስ» የሚባል ፊደል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ፈልጉት ማለት፣ የጠፋ ሰው ስሙንም መልኩንም ሳይናገሩ ፈልጉ እንደ ማለት ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ ከየሻይ ቤቱና ከየሱቁ ባዶ የክብሪት ቀፎ ለቅመው፣ በየቀፎው ውስጥ እኩል እኩል ባቄላ ከትተው ዘጉና ለተማሪዎቻቸው አደሉ። ሦስት ቀፎና ሁለት ባቄላ በዚህ ወገን፣ አንድ ቀፎና አሥር ባቄላ በዚያ ወገን ተደርድሮ፣ ሁለቱ ወገን እኩል ነው ይባልና፣ ተማሪው ከሁለቱም ወገን እኩል እኩል እያነሣ በአንዱ ቀፎ ውስጥ ያለውን እንዲያውቅ ይጠየቃል። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀፎው አይከፈትም። ያወቀ ሰው መክፈት አያስፈልገውም፣ የከፈተ ሰው ደግሞ ማወቁን እዚያው ላይ አቁሟል ይሉ ነበር። በዚህ የተነሣ ተማሪዎቻቸው «እንቆቅልሽ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸው በልባቸው ያሰቡትን ቁጥር ደምረው ቀንሰው የሚቀራቸውን መምህሯ አስቀድመው ማወቃቸውን ሰምተው፣ ሴትየዋ ጠንቋይ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ለርዕሰ መምህሩ አቤት እስከ ማለት ደርሰው ነበር። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከወላጆቹ ጋር አብረው ክፍል ገብተው፣ ቁጥር አስበው፣ እጥፍ አድርገው፣ አሥር ጨምረው፣ ለሁለት ከፍለው፣ ያሰቡትን ቀንሰው አምስት ሲቀራቸው ጊዜ እየሳቁ ወጡ። ርዕሰ መምህር እንዲህም ያለ ነበረ።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚሁ በቀፎ ሰበብ ነው። አሁን እዚህ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡት አማቼ ያን ጊዜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ሲጋራ ባያጨሱም ተሳፋሪ የሚጥለውን የክብሪት ቀፎ ከወንበር ሥር እየለቀሙ በኪሳቸው ሞልተው ያመጡላቸው ነበር። በኋላ አንድ ቀን አንድ የተዘጋ ቀፎ ለብቻው ሰጧቸው። እትዬ ነቅነቅ አድርገው ጆሯቸው ላይ ያዙት፤ ቀለል ያለ፣ የሚንከባለል፣ የብረት ድምፅ ያለው ነገር ነው። ቀለበት መሆኑን እንዳወቁ ያስታውቅ ነበር፤ ግን አልከፈቱትም። ይልቁንም፣ «በወዲያኛው ሳሕን ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። አማቼ ብዙ ቃል የማይወዱ ሰው ናቸው፤ «እኔ አለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቀፎው የተከፈተው፤ እትዬ በዕድሜያቸው ሙሉ ሕጋቸውን የጣሱት በዚያ ቀን ብቻ ነው ብዬ አማቼን ሁልጊዜ እተርባቸው ነበር።

በተባረከ ትዳራቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። የቤታቸው ገበታ እንደ ሌላው ሰው ገበታ አልነበረም፤ እንግዳ ሆነህ ሄደህ እጅህን ታጥበህ ስትቀመጥ፣ ከምግቡ በፊት ጥያቄው ይቀርብልሃል። እኔማ የመልሱን ነገር ስለማውቀው በልቼ ነበር የምሄደው።

እንግዲህ ነገር ወዳመጣው ሰሌዳ ደረስን። እትዬ በማስተማር ሥራ አሥራ አምስት ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ እንቆቅልሹ ከክፍል ውጪ ላለውም ሰው እንዲደርስ ብለው አንድ ሰሌዳ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ደረቅ፣ የማይጣመም እንጨት መርጬ፣ አራት ሳንቃ እርስ በርሱ በሚነክስ ጥርስ አጋጥሜ፣ ጠርዙን በክብ ልጌ፣ ሁለት ጊዜ ጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ በትምህርት ቤቱ መግቢያ በር ላይ ከዘበኛው ቤት ጎን በሁለት ማንጠልጠያ ሰቀልኩት። ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት አዲስ ጥያቄ ይጻፍበታል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የደረሰበት ሰው፣ ተማሪ ሆነ ወላጅ ሆነ መንገደኛ፣ ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ አካሄዱን ያስረዳል። መልስ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው፣ መንገዱን ካላሳየ፣ ሄዶ ደግሞ እንዲያስብ ይነገረዋል። በጨዋታችን ወግ እንቆቅልሹ ያቃተው ሰው አገር ይሰጥ የለም? ተማሪዎቹም ሲሰለቹ አገር እንስጥዎትና ይንገሩን ብለው ይለምኗቸው ነበር። እትዬ ግን አገር የሚቀበሉ ሴት አልነበሩም። አገራችሁን ለራሳችሁ ያዙና ለሌላ ሳምንት ሞክሩት ይሏቸው ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሰባተኛ ክፍልን የደገመች፣ መምህራኑ ሁሉ «የማይገባት» የሚሏት፣ እርሷም አምናበት አንገቷን ደፍታ የምትሄድ። በዚያ ሳምንት ሰሌዳው ላይ የወጣው ጥያቄ ከእኔ የእንጨት ሥራ ቤት የተወሰደ ነበር፤ ባለ ሦስት እግር ዱካና ባለ አራት እግር ወንበር ተደባልቆ ሃያ መቀመጫ አለ፣ እግሩ በጠቅላላ ስልሳ ስምንት ነው፣ ዱካው ስንት ወንበሩ ስንት ነው የሚል ነው። ያቺ ልጅ ዓርብ ዕለት ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ፣ ሁሉም ዱካ ቢሆን ኖሮ ስልሳ እግር ይኖር ነበር፤ የተረፉት ስምንት እግሮች የስምንት ወንበሮች አራተኛ እግር ናቸው፣ ስለዚህ ወንበሩ ስምንት፣ ዱካው አሥራ ሁለት ነው ብላ ጨረሰች። በር ላይ ሰው ሲያጨበጭብ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም ነበር። እትዬ የዚያን ዕለት ቤት ሲገቡ እያለቀሱ ነበር፤ ልጅቷ ስላወቀች አልነበረም ያለቀሱት፣ አታውቂም ብለው ስንት ዓመት አንገቷን ያስደፏት ሰዎች ነበሩ ያስለቀሷቸው። ንዴት በደማችን አለ ማለት ነው።

ከዚያ አዲስ ርዕሰ መምህር መጡ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልገኝም፤ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፣ የአበባ ጉንጉንም ይዘው መጥተዋል። እኒህ ሰው ጸጥ ያለ ክፍል ጥሩ ክፍል ነው ብለው የሚያምኑ፣ የተማሪ ድምፅ ከኮሪደር ሲሰማ ሕመም የሚሰማቸው ሰው ናቸው። በመጡ በዓመታቸው ከአንድ የበላይ ተቆጣጣሪ ጋር ሆነው የእትዬን ክፍል ሊጎበኙ ገቡ። ሰባ ልጅ በየወንበሩ ቀፎና ባቄላ ደርድሮ ይከራከራል፤ ጫጫታው እንደ ገበያ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከፊት የተቀመጠ ቡድን ዘንድ ቀርበው፣ ይህ ምንድን ነው ብለው ጠይቀው፣ ልጆቹ እያስረዷቸው ሳለ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቀፎውን ከፈቱት። ባቄላውን መዳፋቸው ላይ ገልብጠው ቆጥረው፣ አራት ነው፣ ይህን ያህል ጊዜ ምን ያስፈጃል አሉ። ልጆቹ መምህራቸውን አዩ። እትዬም በትሕትና፣ ግን ሁሉም እየሰማ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ቆጠሩ እንጂ አላወቁም» አሏቸው።

በዚያች ቃል ነገር ተጸነሰ፤ ለመወለድ የቀረው ሰበብ ብቻ ነበር። ሰበቡም ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በሰሌዳው ላይ ተገኘ። ጥያቄው እንዲህ ይል ነበር፤ «አንድ ሰው ከሥራ ሰዓቱ ግማሹን ያንቀላፋል፤ ሩቡን ሻይ ይጠጣበታል፤ የቀረውን ሁለት ሰዓት ይሠራል። የሥራ ሰዓቱ ስንት ነው?» ለስምንተኛ ክፍል የሚመጥን፣ ሥራ ፈት ሰው የሚሥቅበት፣ ምንም ክፋት የሌለበት ጥያቄ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግን፣ ዶሮ የሰረቀው ሰው ላባው አናትህ ላይ ነው ሲባል አናቱን እንደ ዳበሰው ሁሉ፣ ይህ እኔን ነው አሉ። እርሳቸው እስኪሉ ድረስ ማንም አላሰበውም ነበር፤ ካሉ በኋላ ግን መንደሩ በሙሉ አሰበው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰው፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ። እትዬ ቀርበው ሰውየው ማን እንደሆነ ተጠየቁ። የሰጡትን መልስ አማቼ እስከ ዛሬ ድረስ በቃላቸው ይዘውታል፤ «ሰውየውን አላውቀውም። ኤክስ የሥራ ሰዓቱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም።» ኮሚቴውም ነገሩን በማስረጃ ለማረጋገጥ ጥያቄውን ራሱ ሊሠራው ተነሣ፤ ወረቀት ተሞላ፣ ተሰረዘ፣ ተነጋገሩ፣ በመጨረሻም ስምንት ሰዓት የሚል መልስ ላይ ደረሱና፣ ስምንት ሰዓት የቢሮ ሰዓት ስለሆነ፣ የቢሮ ሰዓት ያላቸው ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ስለሆኑ፣ የተሰደቡት እርሳቸው ናቸው ብለው ወሰኑ። እትዬ የተጻፈውን ወረቀት ተቀብለው አይተው፣ መልሱ ልክ ነው፣ አካሄዱ ግን አልተጻፈም፣ እንዲህ ብታደርጉት ይቀላል ብለው በዚያው በኮሚቴው እስክሪብቶ አረሙላቸው። እኔ ብሆን ወረቀቱን እቀደው ነበር። እርሳቸው ማስተማር አመል ሆኖባቸዋል፤ የሚፈርድባቸውንም ሰው ከማስተማር አልተመለሱም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ መጀመሪያ ሰሌዳው ከበሩ ላይ ወረደ። ቀጥሎ የዓርብ እንቆቅልሽ ተሰረዘና በምትኩ ያለፈ ዓመት የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ ማስሸምደድ ተጀመረ። በመጨረሻም እትዬ ከክፍል ወጥተው የመጻሕፍት መጋዘን ኃላፊ ተባሉ። እነሆ የዓረፍተ ነገሯ ቦታ እዚህ ነው። በጤና መታወክ ምክንያት ነው የሚሉት ሰዎች፣ በዚያ ዓመት እትዬ አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ቀርተው እንደሆነ ይንገሩን፤ ያን ጊዜ ጤና የታወከው የሌላ ሰው ነው። በራሳቸው ጥያቄ ነው ይላሉ፤ እትዬ በሕይወታቸው ብዙ ጥያቄ ጠይቀዋል፣ ይህን ግን አልጠየቁም። አንባቢ ሆኜ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ሐዘን ቤት ጠብ ማንሣት ነውር መሆኑን እያወቅሁ፣ በሬሣ ፊት ሐሰት ማንበብ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር መሆኑን ስለማውቅ፣ ዓረፍተ ነገሯን አላነባትም። እኅቴ አገር እንዳልተቀበሉ ሁሉ እኔም አገር አልሰጥም።

መጋዘኑ መስኮቱ አንድ ነበር፤ በግቢው ጀርባ በኩል ይከፈታል። መደርደሪያው ላይ የተከመረው አዲሱ የሒሳብ መጽሐፍ የሁሉም ጥያቄ መልስ ከኋላው ታትሞ የመጣ ነበርና፣ እትዬ ያን መጽሐፍ ሲቆጥሩና ሲያድሉ መዋላቸው እሬት እንደ መጠጣት ነበር። ልጆቹ ግን መስኮቱን አገኙት። በዕረፍት ሰዓት ቀፎና ባቄላቸውን ይዘው እየመጡ በመስኮቱ ደፍ ላይ ይደረድሩ ነበር፤ መምህሯ ከውስጥ፣ ተማሪው ከውጪ ሆኖ ትምህርቱ ቀጠለ። ይህም አልተፈቀደም። መስኮቱ በሳንቃ እንዲመታ ታዘዘና፣ በመንደሩ የታወቀ አናጢ ይፈለግ ሲባል፣ ትእዛዙን ይዞ የመጣው ሰው የማን ወንድም መሆኔን ሳያውቅ የእኔን በር አንኳኳ። መዶሻዬ እጄ ላይ ነበረ፤ ሰውየው በሰላም መመለሱን ዛሬም ከፈጣሪ ቸርነት እቆጥረዋለሁ። እነርሱም ሌላ አናጢ አገኙ፤ አናጢ መቼ ይጠፋል።

እንዲህ ሆነው እስከ ጡረታቸው ድረስ ስድስት ዓመት በዚያ ጨለማ ቤት ሠሩ። በጡረታቸው ዕለት ሻይ ተጠጣ፣ ተጨበጨበ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ቤታቸው በረንዳ ላይ የሠፈሩን ልጆች ሰብስበው በቀፎ ያጫውቱ ነበር፤ ደስተኛም ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ሰሌዳው ሳይጠይቁኝ የቀሩበት ጊዜ አልነበረም። ወዴት ጥለውት ይሆን፣ ዝናብ ይመታው ይሆን፣ ጥርሱ ለቆ ይሆን እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። የት እንዳለ አላውቅም ነበርና፣ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ምንም አይሆንም እያልኩ ብቻ አጽናናቸው ነበር።

ሕመሙ የመጣው ከጡረታ ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ የበሽታውን ቀን ለሚያሳስቱት ይሁን ብዬ ደግሜ እናገራለሁ፣ ከጡረታ በኋላ። ደም ግፊታቸው ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ልጃቸው ሥራዋን ትታ አጠገባቸው ሆነች፤ አማቼ ያን የማይናገር አፋቸውን ከፍተው በየማታው ጋዜጣ ያነቡላቸው ጀመር። የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ አሁን የራሳቸው ልጆች ያሏቸው፣ ሊጠይቁ ሲመጡ አበባ አያመጡም ነበር፤ የክብሪት ቀፎ ነበር የሚያመጡት። በመካከላቸው ያቺ «የማይገባት» የነበረችው ልጅ ነበረች፤ አሁን እርሷም የሒሳብ መምህር ናት። ቀፎና ባቄላ በአልጋው ልብስ ላይ ስትደረድርላቸው፣ እትዬ በግራ እጃቸው እያነሡ፣ ከወዲህ ሁለት፣ ከወዲያ ሁለት፣ ቀፎው ብቻውን እስኪቀር ድረስ ይሠሩት ነበር። ከዚያ በጣታቸው መልሱን ያሳያሉ። አንድ ቀን አንዲት ነርስ መልሱ ልክ መሆኑን ለማየት ጓጉታ ቀፎውን ልትከፍት ስትል፣ ያ የማይታዘዝ የነበረው ቀኝ እጃቸው ተነሥቶ ቀፎው ላይ ዐረፈ። ሐኪሞቹ እጁ እንዴት እንደ ተነሣ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። እኛ ገብቶናል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጃቸው መስኮቱን ከፍታ ብርሃን ስታስገባ፣ በዚያው በብርሃኑ ውስጥ ዐረፉ።

ዕረፍታቸውን ለመሥሪያ ቤታቸው የማሳወቅ ወግ ስላለ፣ ረቡዕ ዕለት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። አዘኑልኝ፤ ተቀመጥ አሉኝ፤ ሻይ ታዘዘልኝ። ሻዩ የቀረበው በመስተዋት የተሸፈነ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንጨት ለእንጨት ሠሪ ልጁ ነው፤ በመስተዋቱ ሥር ጠርዙን አየሁት፣ በክብ የተላገ ነው፤ መጋጠሚያውን አየሁት፣ አራት ሳንቃ በጥርስ የተያያዘ ነው፤ ከብርጭቆው ሥር ያለችውን፣ ቅርንጫፍ የበቀለባትን የእንጨት ዐይንም አየኋት፣ ስልግ መላጊያዬን ያስቸገረችኝ ዐይን ናት። ጥቁሩ ቀለም ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀብቷል። እትዬ ዝናብ መታው ይሆን ብለው ሲጨነቁለት የኖሩት ሰሌዳ ደረቅ ነው፣ ምንም አልሆነም፤ የሻይ ጠረጴዛ ሆኖ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ሻዩን አልጠጣሁትም።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ እኔን አንድ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በዚህ በተሰበሰበው ሕዝብ ውስጥ ያሉትንና ሊመጡ ያልቻሉትን፣ ከሁለቱም ወገን እኩል ማንሣትን የተማሩ ብዙ ሰዎችን ተክተው አልፈዋል።

ከመነሣታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰሌዳውን በሠራሁበት እንጨት ዓይነት፣ በዚያው አገጣጠም ነው የሠራሁት። ጠዋት አንዳንዶቻችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ፊታቸውን እንይ፣ ክፈቱልን ብላችሁ ነበር፤ ልጃቸው አይከፈትም ብላለች፣ እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። በዚህኛው ወገን የተዘጋው ሣጥን አለ፤ በዚያኛው ወገን እናንተ ቆማችኋል። በውስጡ ማን እንዳለ ከእናንተ ይታወቃል።

ለትዕግሥታቸው ዋጋ ያልተከፈላቸውን እኅቴን ፈጣሪ በብርሃኑ ያኑራቸው፣ ነፍሳቸውንም ያሳርፍ። እኛን ግን ሰሌዳው ወደ በሩ እስኪመለስ አያሳርፈን። ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ነገ ጠዋት መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ብርጭቆዎቹን አንሥተው ይጠብቁኝ።